ለራስና አንገት ካንሰር የሚሰጥ ዒላማ ተኮር የፀረ እንግዳ አካል ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታካሚዎችና አስታማሚዎች ስለ ሴቱክሲማብና ስለ መሰሎቹ መድኃኒቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዒላማ ተኮር የፀረ እንግዳ አካል ሕክምና ምንድን ነው?

ፀረ እንግዳ አካላት ሰውነታችን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ለይተው ከሚያውቁት አንድ ነገር ጋር ብቻ የመጣበቅ ባሕርይ አላቸው። በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በኬምብሪጅ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ ለራስና አንገት ካንሰር የሚሰጡት ሴቱክሲማብ፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ሁሉ የዚያ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የካንሰሩን ሕዋስ ራሱን ዒላማ የሚያደርገው ሴቱክሲማብ ስለሆነ፣ ከታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች እርሱን ይመለከታሉ።

ሴቱክሲማብ ካንሰሩን የሚያጠቃው እንዴት ነው?

በሕዋስ ገጽ ላይ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር የሚባል፣ የእድገትና የመባዛት መልእክትን ከውጭ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን አለ። ከአፍ፣ ከጉሮሮና ከማንቁርት ሽፋን ከሚነሡ ካንሰሮች በአብዛኞቹ፣ ማለትም ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ፣ ይህ ተቀባይ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። ሴቱክሲማብ ተቀባዩን ቀድሞ በመያዝ መልእክቱ እንዳያልፍ ያግዳል፤ የካንሰሩ ሕዋስ በጨረር የደረሰበትን ጉዳት የመጠገን አቅሙንም ያዳክማል። በተጨማሪም የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ሕዋሳት የተጣበቀበትን ሕዋስ ለይተው እንዲያጠቁ ይረዳል።

ዒላማ ተኮር መባሉ ግን ጤነኛውን አካል ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። ያው ተቀባይ በቆዳ፣ በጥፍር ዙሪያ፣ በአንጀት ሽፋንና በኩላሊትም ስላለ፣ አብዛኞቹ የጎንዮሽ ጉዳቶች የሚታዩት በእነዚሁ ቦታዎች ነው። ፀጉር እንደ ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በጅምላ አይረግፍም፤ የደም ሕዋሳትም እንደዚያ አይመናመኑም።

አንገት ላይ ለሚወጣ ካንሰር ሁሉ ይሆናል?

አይሆንም። መድኃኒቱ የተጠናውና ፈቃድ ያገኘው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ለሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህም ከአፍ፣ ከጉሮሮና ከማንቁርት የውስጥ ሽፋን የሚነሣው ነው። የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር፣ የምራቅ ዕጢ ካንሰርና በአንገት ንፍፊት የሚታየው ሊምፎማ የየራሳቸው ሕክምና አላቸው። ከአፍንጫ ጀርባ ካለው የጉሮሮ ክፍል የሚነሣው ካንሰርም ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር የተያያዘ የተለየ በሽታ ስለሆነ የሚታከመው በሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ ስለ መድኃኒት ከመነጋገር አስቀድሞ የናሙናው የፓቶሎጂ ውጤት በእጅ መኖር አለበት።

ብዙዎች ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ የዘረመል ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቃሉ። ኬራስ የሚባለው የዘረመል ምርመራ ሴቱክሲማብ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ሲታዘዝ የግድ ነው፤ ለራስና አንገት ካንሰር ግን አያስፈልግም። ተቀባዩ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ ስለሚገኝ እርሱን መለካትም ውሳኔ አይቀይርም።

መድኃኒቱ እንዴት ይሰጣል?

በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። ከጨረር ጋር ሲታዘዝ የመጀመሪያው መጠን ጨረሩ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት በፊት በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚፈስ ሲሆን፣ ልኩ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ስፋት 400 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በኋላ ጨረሩ እስኪያልቅ ድረስ በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር 250 ሚሊግራም በአንድ ሰዓት ይሰጣል። ታካሚው በአብዛኛው ሆስፒታል መተኛት አያስፈልገውም። በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ጨረር ሲታዘዝ በየሁለት ሳምንቱ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር 500 ሚሊግራም መስጠትንም ፈቅዷል፤ ይህም በተለይ ከሩቅ ለሚመላለስ ሰው የሚቀል አማራጭ ነው።

ያድናል ወይስ ዕድሜ ብቻ ያራዝማል?

መልሱ በሽታው በደረሰበት ደረጃ ይወሰናል። ካንሰሩ ቢገፋም ከራስና አንገት አካባቢ ካልወጣ ሕክምናው የሚሰጠው ለማዳን ታስቦ ነው። በ2006 የታተመውና ለመድኃኒቱ መንገድ የከፈተው ጥናት 424 ታካሚዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ጨረር ብቻ የወሰዱት ሰዎች የመካከለኛ ዕድሜ ቆይታ (ግማሾቹ ታካሚዎች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ) 29.3 ወር ሆኖ ሳለ ሴቱክሲማብ የተጨመረላቸው 49 ወር ደርሷል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ደግሞ 36.4 በመቶና 45.6 በመቶ ነበሩ።

በሽታው ተመልሶ ሲመጣ ወይም ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል ሲዛመት ግን ዓላማው ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን ማቅለል ነው። በ2008 የወጣው፣ 442 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ሴቱክሲማብን ከፕላቲነም ኬሞቴራፒና ከፍሎሮዩራሲል ጋር አጣምሮ የመካከለኛውን የዕድሜ ቆይታ ከ7.4 ወር ወደ 10.1 ወር አሳድጎታል። የጨመረው ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ይህን ቁጥር ሐኪሙ ለቤተሰቡ በግልጽ ቢናገረው ይመረጣል፤ ሦስት ወር ለአንዱ ቤተሰብ ብዙ፣ ለሌላው ትንሽ ሊሆን ስለሚችል የሚመዝኑት ራሳቸው መሆን አለባቸው።

አዲስ መድኃኒት ከሆነ ለምን ከነባሩ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ከሲስፕላቲን አይሻልም? ሐኪሜስ ለምን ሲስፕላቲን አዘዘልኝ?

በዚህ ርእስ ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ከባድ መዘዝ ያለው ይኸኛው ነው፤ ውድና አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ ይመስላልና። ከላይ የተጠቀሰው የ2006 ጥናት ሴቱክሲማብን ያወዳደረው ጨረር ብቻ ከመውሰድ ጋር ነበር፤ ከጨረርና ከሲስፕላቲን ጥምረት ጋር አልነበረም። ሁለቱን ፊት ለፊት ያወዳደሩት ጥናቶች ቆይተው ሲመጡ ሲስፕላቲን በልጦ ተገኘ። ለምሳሌ በስዊድን በተደረገውና በ2021 በታተመው ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው በዚያው በራስና አንገት አካባቢ ያገረሸባቸው ወይም ያልጠፋላቸው ታካሚዎች በሴቱክሲማብ በኩል 23 በመቶ፣ በሲስፕላቲን በኩል 9 በመቶ ነበሩ። ሁለቱን ደርቦ ከጨረር ጋር መስጠትም ተሞክሮ ጉዳት ከመጨመር በቀር ጥቅም አላስገኘም።

ስለዚህ ሐኪሙ ሲስፕላቲን ያዘዘው በአገሩ የተሻለ ነገር ስለጠፋ ወይም የታካሚው አቅም ስላነሰ አይደለም፤ በኒው ዮርክም በቴል አቪቭም ሲስፕላቲን መውሰድ ለሚችል ሰው ከጨረር ጋር አስቀድሞ የሚታዘዘው እርሱ ነው። ሴቱክሲማብ ከጨረር ጋር ቦታ የሚኖረው ኩላሊቱ ለተዳከመ፣ የመስማት ችሎታው ለቀነሰ፣ እጅና እግሩን ለሚያደነዝዘው ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ሲስፕላቲንን ለማይችል ሰው ነው። ለእነዚህ ታካሚዎች እንኳ ሌላ አማራጭ አለ፦ በሕንድ ሙምባይ 356 ሲስፕላቲን የማይስማማቸው ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2023 የታተመ ጥናት በየሳምንቱ በትንሽ መጠን የሚሰጥ ዶሴታክሴል የተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ከጨረር ጋር ሲጣመር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙትን ከ41.7 በመቶ ወደ 50.8 በመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል። ዶሴታክሴል ከሴቱክሲማብ እጅግ የረከሰ መድኃኒት ስለሆነ ሐኪምን ስለ እርሱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ካንሰሩ ከኤች.ፒ.ቪ ቫይረስ የመጣ ከሆነስ? ቀለል ያለ ሕክምና በቂ አይሆንም?

በኤች.ፒ.ቪ ምክንያት የሚነሣው የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር ከትምባሆና ከአልኮል ከሚመጣው ይልቅ ለሕክምና የሚመች በመሆኑ፣ ሲስፕላቲንን በሴቱክሲማብ ተክቶ ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል የሚል ተስፋ ነበር። በ2018 ይፋ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ይህን ተስፋ ዘግተውታል። በአንደኛው፣ 334 ታካሚዎች በተሳተፉበት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በሲስፕላቲን 97.5 በመቶ፣ በሴቱክሲማብ 89.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት በጠቅላላው ሲታይ በሴቱክሲማብ በኩል አልቀነሰም። በአሜሪካ በተመራው በሁለተኛው ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በሲስፕላቲን 84.6 በመቶ፣ በሴቱክሲማብ 77.9 በመቶ ነበሩ። ናሙናው በፒ16 ምርመራ ከኤች.ፒ.ቪ ጋር የተያያዘ መሆኑ ከታወቀ፣ ሲስፕላቲን መውሰድ የሚችል ሰው ወደ ሴቱክሲማብ የሚዞርበት ምክንያት የለም።

የጨረር ተራዬ እስኪደርስ ሴቱክሲማብን ብቻውን ልጀምር?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ከጭንቀት ነው። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ በቆየበት ጊዜ ተራው ምን ያህል ይርቅ እንደነበር የማያውቅ ጥቂት ነው። ሆኖም ሴቱክሲማብ ለብቻው የጨረርን ቦታ አይተካም። እንደ ሲስፕላቲን ያለ ፕላቲነም ኬሞቴራፒ ባልሠራላቸው 103 ታካሚዎች ላይ ለብቻው ሲሞከር ዕጢው በሚለካ ደረጃ ያነሰው በ13 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ለመዳን ዕድል ላለው ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን በዚህ ላይ ከመጨረስ ይልቅ ቀዶ ሕክምና ይቻል እንደሆነ፣ በሌላ ከተማ ወይም በግል ማዕከል ቀድሞ የሚደርስ የጨረር ተራ ይኖር እንደሆነ ማጣራት ይቀድማል። የመጠበቂያውን ጊዜ በኬሞቴራፒ መሙላት ያስፈልግ እንደሆነም የሚወስነው የካንሰር ሐኪሙ ነው።

ፊቴ ላይ የወጣው ሽፍታ አለርጂ ነው? መድኃኒቱን ላቁም?

በአብዛኛው አለርጂ አይደለም፤ መድኃኒቱ በቆዳ ላይ ያለውን ተቀባይ በመንካቱ የሚመጣ ነው። ብጉር የሚመስለው ሽፍታ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጀምሮ በፊት፣ በራስ ቆዳ፣ በደረትና በጀርባ ላይ ይወጣል። የሕክምና መጻሕፍት ቀይ ነው ይሉታል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ከቀይነት ይልቅ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የሚመስል ሆኖ ስለሚታይ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል፤ ከዳነም በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። በ2006ቱ ጥናት ሴቱክሲማብ ከወሰዱት መካከል ሽፍታው በርትቶ የወጣባቸው ሰዎች ቀለል ካለባቸው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ ስለዚህ ሽፍታ መውጣቱ ብቻውን መጥፎ ዜና አይደለም።

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት፣ ከፀሐይ መከለልና ሐኪሙ ሲያዝ ዶክሲሳይክሊን መውሰድ ሽፍታውን ያቀልለዋል። በደጋው አገር አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ብርቱ ነውና ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ያስፈልጋል። የብጉር መድኃኒቶች ቆዳውን ይበልጥ ስለሚያደርቁ አይመከሩም፤ ከገበያ የሚገዙ ቆዳ ማቅሊያ ክሬሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርቱ ስቴሮይድ ስላለባቸው ፈጽሞ መቅረት አለባቸው። ሽፍታው መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ዓይን ከቀላና ከታመመ ቀጣዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ሥጋ ስበላ ያሳክከኝ እንደሆነ ለምን ጠየቀኝ?

ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም ሕይወት ሊያድን የሚችል ነው። ሴቱክሲማብ በመጀመሪያው ጠብታ ላይ በጥቂት ሰዎች ዘንድ ከባድ አለርጂ፣ ማለትም የትንፋሽ መቆረጥ፣ የደም ግፊት መውደቅና ራስን መሳት ያስከትላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና፣ ይህ አለርጂ ከሌላው ቦታ በጣም በዝቶ ሲታይ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈለጉ፤ በ2008 ያወጡት መልስም አልፋ ጋል የሚባል ስኳር መሆኑ ነበር። ይህ ስኳር በበሬ፣ በበግና በፍየል ሥጋ ውስጥም በሴቱክሲማብ ውስጥም ይገኛል፤ መዥገር የነከሳቸው አንዳንድ ሰዎች ለእርሱ አለርጂ ያዳብራሉ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሥጋ ከበሉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሰውነታቸው ያሳክካቸዋል ወይም ያብጣል።

ስለዚህ ከከብት ጋር የሚውል፣ መዥገር በተደጋጋሚ የነከሰው ወይም ሥጋ በልቶ የታመመ ሰው ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት ይህን መናገር ይኖርበታል። ከጠብታው በፊት የአለርጂ መከላከያ መርፌ የሚሰጠው፣ ካለቀም በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት በክትትል ሥር መቆየት የሚጠየቀው ለዚሁ ነው።

ደም በየጊዜው የሚመረመረው ለምንድን ነው?

መድኃኒቱ ኩላሊት ማግኒዥየምን እንዲያባክን ስለሚያደርግ ነው። ማግኒዥየም ሲወርድ ፖታሲየምና ካልሲየምም ይከተላሉ፤ ድካም፣ የጡንቻ መሸማቀቅና የልብ ምት መዛባት ይመጣል። በ2006ቱ ጥናት ሴቱክሲማብ ከወሰዱት 208 ሰዎች መካከል በአራቱ ላይ ድንገተኛ የልብ መቆም ወይም ድንገተኛ ሞት በመድረሱ፣ በተለይ የልብ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች በጥንቃቄ ይታያሉ። የማግኒዥየም መጠን ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለሳምንታት ሊወርድ ስለሚችል ምርመራው በመጨረሻው ጠብታ አይቆምም።

በሕክምናው ጊዜ መጾምና ጸበል መጠጣት ይቻላል?

ጨረሩ አፍንና ጉሮሮን ስለሚያቆስል፣ ክብደት መቀነስ ሕክምናውን ከሚያቋርጡ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚህ ጊዜ እንቁላል፣ ወተትና ሾርባ የምግብ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አካል ናቸው። ለታመመ ሰው ጾምን ማላላት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም የታወቀ ነገር ስለሆነ የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት አዋቂን ቀድሞ ማነጋገር ሸክሙን ያቀላል። ጸበልን በተመለከተ ሐኪሞች የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ወይም የፈላ እንዲሆን፣ ለጸበል ተብሎም የጨረር ቀን እንዳይታለፍ። በሱባኤ ምክንያት ሁለት ሳምንት የተቋረጠ ጨረር የመዳን ዕድልን በእርግጥ ይቀንሳል። በርበሬና ሚጥሚጣ የቆሰለ አፍን ስለሚያቃጥሉ አልጫ ይመረጣል። ከባሕላዊ ሐኪም የሚወሰድ ቅጠልና ሥር ግን ኩላሊትንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይደበቅ መነገር አለበት።

ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ከሴቱክሲማብ ጋር አንድ ናቸው?

ሁሉም ፀረ እንግዳ አካላት ቢሆኑም አሠራራቸው የተለየ ነው። ሁለቱ የሚጣበቁት ካንሰሩ ላይ ሳይሆን ፒ.ዲ.1 በሚባለውና የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን በሚገታው ፕሮቲን ላይ ነው፤ ገደቡ ሲነሣ ሕዋሳቱ ራሳቸው ካንሰሩን ያጠቃሉ። ተመልሶ ለመጣ ወይም ለተዛመተ በሽታ በመጀመሪያ ረድፍ የሚታዘዘው ዛሬ ፔምብሮሊዙማብ ነው፤ 882 ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመው ጥናት ፒ.ዲ.ኤል.1 በሚባለው ምርመራ ከፍተኛ ውጤት ላላቸው ሰዎች የመካከለኛውን የዕድሜ ቆይታ ከ10.7 ወር ወደ 14.9 ወር አድርሶታልና። በሰኔ 2025 ደግሞ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ለሚችል የገፋ ካንሰር ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሴቱክሲማብ በዚህ ምክንያት ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወርዷል፤ ፓክሊታክሴል ከሚባለው ኬሞቴራፒ ጋር ተጣምሮ አሁንም ይሰጣል።

የእነዚህ መድኃኒቶች ጉዳትም የተለየ ነው፦ የነቃው የመከላከያ ሥርዓት ሳንባን፣ ጉበትን፣ አንጀትን ወይም ታይሮይድን ሊያጠቃ ይችላል፤ ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላም ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ሌላ ክሊኒክ በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ መድኃኒቱን መውሰዱን መናገር አለበት።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ገዝቶ ቢልክልኝስ?

ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው። መድኃኒቱ ከፋብሪካ እስከ ታካሚው ክንድ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ በሻንጣ ውስጥ አንድ ቀን ያደረ ብልቃጥ መልኩ ባይለወጥም ሊበላሽ ይችላል፤ በረዶ ከሆነም አይረባም። ሁለተኛ፣ የሚሰጠው ሆስፒታል ከውጭ የመጣ መድኃኒት ይቀበል እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ጠቅላላው ብዛት ይሰላ፦ የሰውነት ስፋቱ 1.6 ስኩዌር ሜትር ለሆነ ሰው መጀመሪያ 640፣ ከዚያም ለሰባት ሳምንት በየሳምንቱ 400 ሚሊግራም ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 100 ሚሊግራም 35 ብልቃጥ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ብቻ የሚበቃ መድኃኒት አስልኮ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቤት ሸጠን እንግዛው?

ሲስፕላቲን ለሚችል ታካሚ መልሱ አይሆንም ነው፤ የተሻለውን መድኃኒት በርካሽ ማግኘት እየተቻለ የሚያንሰውን በውድ መግዛት ይሆናል። ሲስፕላቲን ለማይችል ሰውም የዶሴታክሴል አማራጭ ከላይ ተጠቅሷል። በሽታው ከተዛመተ ደግሞ ውሳኔው ይከብዳል፤ የሚሸጠው ቤት የልጆች መጠለያ ሲሆን የሚገኘው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነውና። ሐኪሙን በቀጥታ መጠየቅ ነውር አይደለም፦ ይህ መድኃኒት ለዚህ ታካሚ ስንት ጊዜ ይጨምራል፣ ያለ እርሱስ ምን ይሰጠዋል?

በዚህ ረገድ ከሙምባይ የመጣ ሌላ ውጤት አለ። በ2023 በታተመውና 151 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ኒቮሉማብ ከተለመደው 240 ሚሊግራም ይልቅ 20 ሚሊግራም ብቻ በየሦስት ሳምንቱ በአፍ ከሚወሰዱ ርካሽ መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከ16.3 በመቶ ወደ 43.4 በመቶ ከፍ ብለዋል። አጠቃቀሙ በየአገሩ መመሪያ የገባ ባይሆንም፣ ሙሉውን ዋጋ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ከሐኪሙ ጋር ሊወያይበት የሚገባ ነው።

ሕክምናው የሚቆመው መቼ ነው?

ከጨረር ጋር ሲሰጥ ጨረሩ ሲያልቅ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ መቀጠሉ ጥቅም የለውም። ለተዛመተ በሽታ ሲሰጥ ግን ካንሰሩ እስኪያድግ ወይም ጉዳቱ እስኪበረታ ድረስ ይቀጥላል፤ በየሁለት እስከ ሦስት ወሩም በሲቲ ስካን ይታያል። ለመውለድ በሚችሉ ሴቶች ዘንድ ከመጨረሻው ጠብታ በኋላ ለሁለት ወር እርግዝናን መከላከል ያስፈልጋል።

ዕጢው እያደገ መድኃኒቱን መቀጠል ተስፋን ማስቀጠል የሚመስላቸው ቤተሰቦች አሉ። ሴቱክሲማብ ቆመ ማለት ግን ታካሚው ተተወ ማለት አይደለም፤ የሕመም ማስታገሻ፣ እንደ ሞርፊን ያለውን ጨምሮ፣ የመተንፈሻና የመመገቢያ ቱቦ፣ የሚደማ ቁስልን ማከም፣ ሥቃይን ለመቀነስ የሚሰጥ አጭር ጨረር ሁሉ ከዚያ በኋላም የሚሰጡ ሕክምናዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን ገና ከመነሻው ሊጀመሩ ይችላሉ።